አይጧ ሆድ ውስጥ ያለው ትል፦ የሚባለውና እውነታው

ሥራዬ የእንስሳት ሰገራ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ይጠይቀኛል። «ቤታችን አይጥ አለ፤ ልጆቹን ትል ይይዛቸው ይሆን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያስቸግረው አብሮት የሚመጣው እምነት ነው። አንዳንዱ ሰውን በከንቱ ያስፈራል፣ አንዳንዱ ደግሞ መፍራት ካለበት ነገር ያዘናጋዋል። ደጋግሜ የምሰማቸው እነዚህ ናቸው።

«አይጥ ያለበት ቤት የአይጥ ትል አይቀርለትም»

አብዛኛው የአይጥ ትል ሰው ላይ አይወጣም። ትል ማደሪያውን ይመርጣል። አንዲት አይጥ ከፍቼ አንጀቷ ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ትሎች ተጠላልፈው ባገኝ አልደነቅም፤ ግን ከነዚያ ውስጥ ሰው ሆድ ገብቶ ሊኖር የሚችለው ጥቂቱ ነው። ልጅ ማታ ማታ መቀመጫውን ሲያሳክከው ብዙ ወላጅ አይጧን ወይም ድመቷን ይጠረጥራል። ያን የሚያደርገው ትንሽ ነጭ ትል የሰው ነው፤ የሚመጣውም ከሌላ ልጅ ጥፍር ሥር ነው። አይጥም የዚሁ ትል ዘመድ አላት፤ ግን የአይጧ በአይጧ፣ የሰው በሰው ነው።

ድንበር የሚሻገሩ ግን አሉ፤ በተለይ ሁለት የኮሶ ትል ዘመዶች። አንደኛው የአይጥ ኮሶ ትል ከ20 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ይወጣል፤ ሰው ያንን እንቁላል ቢውጠው ግን ትል አይሆንበትም። መጀመሪያ የዱቄት ጥንዚዛ ወይም ቁንጫ ሊበላው፣ እዚያች ነፍሳት ሆድ ውስጥ እጭ ሊሆን ግድ ነው። አይጥ ጥንዚዛዋን ስትበላ ዙሩ ይዘጋል። ልጅም ጥሬ ዱቄት ወይም የነቀዘ እህል ሲቅም ጥንዚዛዋን አብሮ ይውጣትና በአይጧ ቦታ ይገባል። ስለዚህ ጎተራው አጠገብ ኩስ ያየ ሰው ዱቄቱንም በወንፊት ነፍቶ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ይመልከት። በደንብ የበሰለ ምግብ ውስጥ ያለ እጭ የሞተ ነው።

ሁለተኛው ድንክ ነው፤ ከ15 እስከ 40 ሚሊ ሜትር። ሰው ላይ ከሚገኙ የኮሶ ትል ዓይነቶች በብዛት አንደኛ እርሱ ነው። ጥንዚዛ ውስጥ ማደግ ይችላል፤ ግን ያለ ጥንዚዛም ይኖራል። እንቁላሉ ሲወጣ ወዲያው የመያዝ አቅም አለው፤ ከልጅ እጅ ወደ ልጅ አፍ በቀጥታ ይሄዳል። እንዲያውም ከሆድ ሳይወጣ እዚያው ተፈልፍሎ ቁጥሩን ያበዛል። አይጥም ሊያመጣው ይችላል፣ ግን አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ተከታትለው ሲታመሙ መጀመሪያ የማስበው ስለ መጸዳጃ ቤቱና ስለ እጅ መታጠቢያው ነው።

«ኩስ የሚያሰጋው ትኩስ እያለ ነው፤ ከደረቀ አለቀለት»

ይህ ለድንኩ ኮሶ ትል እውነትነት አለው፤ እንቁላሉ ውጭ ከ10 ቀን በላይ አይቆይም። ለራኩን ትል ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው። ራኩን የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው፤ ዛሬ አውሮፓና ጃፓንም ውስጥ ተዛምቷል። ጣሪያ ላይ፣ የማገዶ ክምር ሥር፣ ልጆች የሚጫወቱበት አሸዋ ላይ አንድ ቦታ መርጦ ደጋግሞ ይጸዳዳል። አንጀቱ ውስጥ ያለው ወስፋት መሰል ትል በቀን ሚሊዮኖች እንቁላል ሊያስወጣ ይችላል። ዛሬ የወጣው እንቁላል ዛሬ አይይዝም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት አፈር ላይ ሲቆይ ነው ውስጡ እጭ የሚሠራው፤ ከዚያ ለዓመታት ይጠብቃል። ሰው ሲውጠው እጩ አንጀት ውስጥ አይቀመጥም፤ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ይጓዛል። የሚያዘው ሰው ጥቂት ነው፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ዝናብ ያጠበው፣ ሽታው የጠፋ፣ ማንም ልብ የማይለው አሮጌ ኩስ ነው እዚህ ላይ የሚያሰጋው። በረኪና ቢደፉበት አይሞትም፤ የፈላ ውሃ ይገድለዋል።

«ድመት ካለ ነገሩ አለቀ»

ድመት አይጥ ትቀንስ ይሆናል። ትሉን ግን አታጠፋም፤ እንዲያውም ትሉ የሚፈልጋት እሷን ነው። የአይጥ ጉበት ስከፍት አንዳንዴ አተር የምታክል ነጭ ቋጠሮ አገኛለሁ። ትንሽ ሳህን ላይ አድርጌ በመርፌ ጫፍ ስቀድዳት ውስጧ ተጣጥፎ የተኛ ጥብጣብ ይዘረጋል፦ ራስ አለው፣ መንጠቆ አለው፣ ገና ከአሁኑ ክፍልፋዮቹ ይታያሉ። ስንት ጊዜ ባየውም ይገርመኛል። ይህ የድመት ኮሶ ትል ነው፤ አይጧ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው መበላትን ነው። ድመቷ ስትበላት ትሉ አንጀቷ ውስጥ አድጎ እንቁላሉን ይበትናል፤ ሌላ አይጥ እንቁላሉን ትለቅማለች። ሰውን ይህ ትል እምብዛም አይነካም።

ሰውን የሚነካው የድመት ወስፋት ነው። እጩ አይጥ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ወደ ድመት ሊሻገር ይችላል፤ እንቁላሉ ከድመቷ ሰገራ ጋር አፈር ላይ ይወድቃል። እሱም ውስጡ እጭ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። የድመቷን መጸዳጃ በየቀኑ መድፋት ጊዜ ይነሳዋል፤ የአትክልት ቦታው አፈር ውስጥ የተቀበረውን ግን ማንም አይደፋውም።

«ትል ያለበት እንስሳ ያስታውቃል»

አያስታውቅም። ጸጉሯ የሚያብረቀርቅ፣ የጠገበች አይጥ አንጀቷ ሙሉ ሊሆን ይችላል። በዱር እንስሳት ዘንድ ትል እኩል አይከፋፈልም፤ ብዙዎቹ ጥቂት ይይዛሉ ወይም ምንም የላቸውም፣ ጥቂቶቹ ደግሞ አብዛኛውን ይሸከማሉ። እነዚያ ጥቂቶች የትኞቹ እንደሆኑ በዓይን አይለይም።

«አይጧ ከሞተች ትሉም ሞተ»

ለአንጀቱ ትል ይህ ይሠራል ማለት ይቻላል። አንድ የጉበት ትል ግን አለ፤ አንጀት ውስጥ ባይኖርም ሳልጠቅሰው አላልፍም። እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ጉበት ሥጋ ውስጥ ነው። አይጧ በሕይወት እስካለች መውጫ የለውም። የሚወጣው ሞታ ስትበሰብስ ወይም ሌላ እንስሳ ሲበላት ነው፤ ከዚያ አፈር ላይ ቆይቶ ውስጡ እጭ ሲሠራ ሌላ አይጥ ይይዛል። ሰውን አልፎ አልፎ ይይዛል፤ የሚይዘውም በዚያ አፈር ላይ በቆየው እንቁላል ነው። የሞተች አይጥ ወደ አጥር ጥግ መወርወር ለትሉ መንገድ መጥረግ ነው፤ በጓንት አንስቶ አርቆ መቅበር ወይም ማቃጠል ይሻላል።

«አልኮልና ፍሪዘር ሁሉን ይገድላሉ»

የእጅ አልኮል ብዙ ባክቴሪያ ይገድላል፣ የትል እንቁላል ግን ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ሳሙናም አይገድለውም፤ ውሃው ነው ይዞት የሚሄደው፣ ስለዚህ ማሸት ያስፈልጋል። ቅዝቃዜን በተመለከተ ትልቁ ምሳሌ ቀበሮና የሜዳ አይጥ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚለዋወጡት ጥቃቅኑ የኮሶ ትል ነው። ቀበሮ አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው ጉበት ውስጥ ግን እጩ እንደ ዕጢ ይሰፋል፣ ምልክቱም ከ5 እስከ 15 ዓመት ሊዘገይ ይችላል። እንቁላሉ የቤት ፍሪዘርን ቅዝቃዜ ይችላል። ላብራቶሪ ውስጥ ናሙናው ከመነካቱ በፊት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ውስጥ ቀናት የሚቆየው ለዚህ ነው። የቀበሮ ኩስ ሊነካው የሚችል ከሜዳ የተለቀመ ፍሬ ማብሰል ግን እንቁላሉን ይገድለዋል።

«አንድ የትል ኪኒን ለሁሉም ይበቃል»

አልቤንዳዞል ለወስፋትና ለመሰሎቹ ጥሩ ነው። ለሁለቱ የአይጥ ኮሶ ትሎች ሐኪም የሚመርጠው ፕራዚኳንቴል ነው። ከአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ደግሞ መነሻው ባክቴሪያ እንጂ ትል ስላልሆነ የትል ኪኒን አይነካውም። ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት ሰገራ መመርመር ያስፈልጋል የምለው ሥራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ቤታችን አይጥ አለ» ከማለት በተጨማሪ ልጁ ጥሬ ዱቄት ይቅም እንደነበር፣ ዱቄቱ ውስጥ ጥንዚዛ አይታችሁ እንደሆነ፣ ሌላ ልጅም ታሞ እንደሆነ ንገሩት።