በዘንግ የሚጠመድ ቱና፦ ስለ ማልዲቭስ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማልዲቭስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ከ1,000 በላይ ደሴቶች አገር ናት። እዚያ ቱናን በመረብ ማጥመድ ክልክል ነው። ዋናው ዓሣዋ፣ ስኪፕጃክ የሚባለው ቱና፣ በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ ይያዛል። ይህ አሠራር በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤም ኤስ ሲ የተባለውን የዘላቂ ዓሣ ማረጋገጫ አግኝቷል። ዝናው የተገባ ነው፤ አብረውት የሚወሩት ነገሮች ግን ሁሉም ልክ አይደሉም።

«በዘንግ ማጥመድ ዝግ ያለ ሥራ ነው፣ ገበያ አይሞላም»

ይህን የሚል ሰው የሚታየው ሐይቅ ዳር ዘንጉን ዘርግቶ ቁጭ ያለ ሰው ነው። በማልዲቭስ ጀልባ ላይ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። የቱና መንጋ ሲገኝ በሕይወት ያሉ ትናንሽ ዓሣዎች ወደ ባሕሩ ይበተናሉ፤ ከጀልባው ኋላም ውኃ ይረጫል። ርጭቱ የባሕሩን ገጽ ስለሚያውከው ቱናው ጀልባውንም ሰዎቹንም አጥርቶ አያይም፤ ትናንሾቹ ዓሣዎች የሚንቦጫረቁም ይመስለዋል። አጥማጆቹ ከኋላ ባለው መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ዘንጋቸውን ይወረውራሉ። መንጠቆው ላይ ምግብ የለም፤ በማብረቅረቁ ብቻ ያታልላል። የነከሰው ዓሣ እንዳያመልጥ የሚይዘው የኋላ እሾህም የለውም። ስለዚህ ዓሣው በአጥማጁ አናት ላይ አልፎ ወለሉ ላይ ሲወድቅና ክሩ ሲላላ፣ እጅ ሳይነካው ከመንጠቆው ይወልቃል፤ ዘንጉም ወዲያው ይመለሳል። ክሩ ቀድሞ ከላላ ዓሣው ባሕሩ ውስጥ ተመልሶ ይገባል።

«ከባሕር የሚወጣው ቱናው ብቻ ነው»

ብዙ ሰው ዘንጉን ያደንቃል፣ ማባበያውን፣ ማለትም ወደ ባሕሩ የሚበተኑትን ትናንሽ ዓሣዎች፣ ይረሳል። ሕያው ማባበያ ከሌለ የዘንግ ሥራ የለም፤ ጥሩ አጥማጆች እንኳ ማባበያ ሲጠፋ ከወደብ አይወጡም። ለዚህ ሥራ በዓመት ከ10,000 ቶን በላይ ስፕራት፣ አንቾቪና ሌሎች ትናንሽ ዓሣዎች ከኮራል ሪፎች (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሠሯቸው የባሕር ውስጥ ቋጥኞች) አካባቢ ይወጣሉ። ዛሬ ይህ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው፦ ብርቱ መብራት ውኃው ላይ ይበራል፣ ትናንሾቹ ዓሣዎች ይሰበሰባሉ፣ ከሥራቸው የተዘረጋው መረብ ቀስ ብሎ ይነሣል።

ብክነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መረቡ ከውኃው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ዓሣዎቹ እርስ በርስ ከተፋጩ ቅርፊታቸው ይረግፋል፤ በዚያው ሌሊት ያልቃሉ። ስለዚህ መረቡ ውኃ ውስጥ እንዳለ ጠበብ ይደረግና ዓሣዎቹ ከነውኃቸው ተቀድተው ወደ ጀልባው ጋን ይገባሉ። ጋኑ ውስጥ የባሕር ውኃ ያለማቋረጥ መዘዋወር አለበት። ከልክ በላይ ከታጨቀ ኦክስጅን ያልቅና ሁሉም ይታፈናል። የሞተ ማባበያ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ሳይሸሽ ይሰጥማል፣ ቱናውም ተከትሎት ከገጹ ይርቃል። አጥማጁ የጎደለውን ለመተካት ዳግመኛ ሪፉ ላይ መብራት ያበራል። ሪፉን ማዳን ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ ጋኑ ውስጥ የሚሞተውን መቀነስ ነው።

«በዘንግ እስከተያዘ ድረስ እንከን የለበትም»

ዘንግ ዔሊና ሻርክ እምብዛም አይዝም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መንግሥት በደሴቶቹ ዙሪያ መልሕቅ ጥሎ ያቆማቸው ወደ 50 የሚጠጉ ተንሳፋፊዎች አሉ፤ ቱና ከሥራቸው መሰብሰብ ይወዳል። እዚያ ከስኪፕጃኩ ጋር ገና ያልደረሰ ቢጫ ክንፍ ቱናም ተቀላቅሎ ይነሣል። በ2015 የሕንድ ውቅያኖስ ቢጫ ክንፍ ቱና ከልክ በላይ እንደተጠመደ በይፋ ስለተገለጸ ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ዘንግ መልካም መሣሪያ ነው፤ ስንት ዓሣ ይያዝ የሚለውን ግን ራሱ አይወስንም። ለዚያ በአገሮች ስምምነት የጸና ገደብ ያስፈልጋል። ማልዲቭስም በ2016 ለስኪፕጃክ እንዲህ ያለ ደንብ እንዲጸድቅ ገፍታበታለች።

«ዶልፊን የተሣለበት ቆርቆሮ በዘንግ የተያዘ ነው»

አይደለም። ያ ምልክት የመጣው በምሥራቅ ፓስፊክ ዶልፊንን ከቱና ጋር በከበቡ መረቦች ምክንያት ነው፤ በመረብ የተያዘ ቱናም ሊለጠፍበት ይችላል። በአዲስ አበባም ሆነ በዱባይ ሱቅ ሲገዙ የዓሣውን ዝርያ፣ የተያዘበትን ባሕርና «በዘንግና በመንጠቆ» የሚለውን ጽሑፍ ይፈልጉ።

«ደረቁ የማልዲቭስ ቱና ፀሐይ ያደረቀው ጥሬ ዓሣ ነው»

ይህ ቱና የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1340ዎቹ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቻይናና ወደ የመን ሲላክ ያየው ነው። ፀሐይ የመጨረሻው ደረጃ ብቻ ናት። ዓሣው አንገቱ ተቆርጦ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በረጅሙ ከተቆራረጠ በኋላ በጨው ውኃ ይቀቀላል፣ ከዚያ በጭስ ይታጠናል፣ በመጨረሻ እንደ እንጨት እስኪጠነክር ፀሐይ ላይ ይሰጣል። መረቁም አይደፋም፤ አረፋው እየተገፈፈ ለሰዓታት ሲንተከተክ ሪሃኩሩ የሚባል ወፍራም ቡናማ ድልህ ይሆናል።

«ትኩስ ያልነበረ ቱና በደንብ ከበሰለ ጉዳት የለውም»

ከሁሉም አደገኛው ስሕተት ይኼ ነው። የቱና ሥጋ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ በብዛት አለው። ዓሣው በሙቀት ሲቆይ ባክቴሪያዎች ሂስቲዲኑን ሂስታሚን ወደሚባል፣ ሲበዛ ሰውን ወደሚመርዝ ነገር ይለውጡታል። እሳት ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ አንዴ የተፈጠረውን ሂስታሚን ግን አያጠፋም። የቆርቆሮ ፋብሪካው 121 ዲግሪም አይነካውም። ሪሃኩሩ ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ ውኃው ሲተን የሂስታሚኑ ክምችት ይጨምራል። ዓሣው ሲሸት አውቀዋለሁ የሚል ሰውም ይሳሳታል፤ ሂስታሚን ሽታም ጣዕምም ሳይቀየር ሊኖር ይችላል።

መፍትሔው ጀልባው ላይ ነው። ስኪፕጃክ ከባሕሩ ይልቅ የሚሞቅ ገላ አለው፤ ሲታገል ይበልጥ ይግላል። አየሩ ወይም ውኃው ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ዓሣው ከሞተ በ6 ሰዓት ውስጥ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት፤ ዒላማው 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ዓሣው ላይ ብቻ የተበተነ በረዶ መሐሉን ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ በረዶና የባሕር ውኃ ተቀላቅሎ ዙሪያውን ሲነካው ይፈጥናል።

ቤት ውስጥም ያው ነው። የተከፈተ ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አይደር፤ የተረፈው በንጹሕ ማንኪያ ወደ ሌላ ዕቃ ተዛውሮ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ። ቱና ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ፊት ከቀላ፣ አፍ ካቃጠለና ራስ ምታት ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው ይባላል፤ የሂስታሚን መመረዝ ሊሆን ስለሚችል ግን ለሐኪሙ ቱና መበላቱን መንገር ያስፈልጋል።