ቸኮሌትና ጤና፦ በወሎ ቤቶች የሚነገረውና እውነታው

ከሳዑዲ፣ ከዱባይ ወይም ከኩዌት የተመለሰ ሰው ሻንጣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ይሁን ወልድያ ሲከፈት ከሽቶውና ከልብሱ ጋር ቸኮሌት አይጠፋም። ለልጆች ይታደላል፣ ለዒድና ለገና እንግዳ ይቀርባል፣ የተረፈው ብፌ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነው። ያሳሰበኝ ቸኮሌቱ ምክር አስከትሎ መምጣት መጀመሩ ነው። «እማ፣ ጥቁሩን በየቀኑ ብይው፣ ለልብሽ ነው» የሚል መልእክት በስልክ ይደርሳል። ግፊት ያለባት እናት ልጇ በሰው ሀገር ለፍታ የላከችላትን ነገር እንደ መድኃኒት ብትቆጥረው አይፈረድባትም። በሌላ በኩል ቸኮሌትን እንደ መርዝ የሚሸሹም አሉ። የሁለቱንም ወገን አባባል አንድ በአንድ ልመልከት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቸኮሌት ለልብና ለደም ግፊት መድኃኒት ነው»

ይህ አባባል ከባዶ ሜዳ አልተነሣም፤ ስለዚህ መልሱም ረዘም ይላል። በፓናማ ሳን ብላስ በሚባሉ ደሴቶች ላይ ኩና የተባለ ሕዝብ ይኖራል። በ1990ዎቹ የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የደም ግፊታቸው እንደማይጨምር፣ ወደ ከተማ የሄዱት ዘመዶቻቸው ግን እንደ ማንኛውም ከተሜ ግፊት እንደሚይዛቸው አስተዋለ። ደሴተኞቹ ቸኮሌት ከሚሠራበት ፍሬ የሚዘጋጀውን ካካዎ በቀን ደጋግመው ይጠጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተመራማሪዎች ዓይን ያረፈው በካካዎ ፍሬ ውስጥ ባሉት ፍላቫኖል በሚባሉ ውሁዶች ላይ ነው። ፍላቫኖል የደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እንዲያመነጭ ያግዛል፤ በዚህ ጊዜ የደም ሥሩ ይላላል፣ ይሰፋል። እስከዚህ ድረስ ያለው እውነት ነው።

ጥያቄው ውጤቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምገማ 35 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ ያገኘው የግፊት ቅናሽ በአማካይ ከ2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት መለኪያ) ያነሰ ነበር። አንድ የተለመደ የግፊት መድኃኒት ብቻውን የላይኛውን ቁጥር በአማካይ 9 ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ግፊቷ 160 የሆነ እናት ክኒኗን ትታ ቸኮሌት ብትበላ ያልታከመች ያህል ነው።

ከሁሉ ትልቁ ሙከራ በአሜሪካ የተካሄደውና በ2022 ውጤቱ የታተመው ኮስሞስ የተባለው ጥናት ነው። ከ21 ሺህ በላይ አረጋውያን ተሳትፈውበታል፤ ግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል፣ ግማሾቹ ደግሞ ምንም የሌለበት እንክብል ወሰዱ። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ከተከታተሏቸው በኋላ በዋናው መለኪያ፣ ማለትም በጠቅላላው የልብና የደም ሥር ሕመም ብዛት፣ አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰው ሞት ግን 27 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ሆኖም የጥናቱ ዋና ጥያቄ ስላልነበረ በሌላ ሙከራ መረጋገጥ አለበት። ለጥናቱ በከፊል ገንዘብ ያወጣው ቸኮሌት አምራቹ ማርስ እንደሆነም አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ተሳታፊዎቹ የዋጡት እንክብል ነው፤ ስኳርና ቅባት ያለበት ቸኮሌት አልበሉም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2023 ስለዚህ ጉዳይ ሲወስን ፍላቫኖሉ ለበዛ ልዩ የካካዎ ዱቄት ብቻ፣ ያውም «ማስረጃው እጅግ ውስን ነው» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ፈቀደ፤ ለተራው ቸኮሌት አልፈቀደም።

ግፊት ላለበት የወሎ ሰው ከቸኮሌቱ ይልቅ ጨው መቀነስ ይቀድማል። ቡናው በጨው በሚጠጣባቸው ቤቶች፣ በዚያ ላይ ወጡ ጨው በሚበዛበት ማዕድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያነሰ ጨው በአቦሉና በምሳው መካከል ያልቃል።

«ጥቁር ከሆነ ጤናማ ነው»

ቀለሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የካካዎ ዱቄት መራራነቱ እንዲለዝብና እንዲጠቁር አልካሊ በሚባል፣ አሲድን በሚያለዝብ ኬሚካል ይታከማል፤ ዘዴውን ያመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው ኔዘርላንዳዊው ቫን ሃውተን ነው። በጣም የታከመ ዱቄት ካልታከመው ጋር ሲነጻጸር የሚቀረው ፍላቫኖል አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በጣም የጠቆረው ዱቄት ከፍላቫኖል በጣም የተራቆተው ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው 70 ወይም 85 በመቶም ከካካዎ ፍሬ የመጣውን ሁሉ፣ ቅቤውን ጭምር፣ የሚቆጥር ነው፤ የፍላቫኖል መጠን አይደለም። ነጩ ቸኮሌት ደግሞ የካካዎ ቅቤ፣ ስኳርና ወተት ነው፤ ጠቃሚ የተባለው የካካዎው ክፍል ጨርሶ የለበትም።

ከዐረብ ሀገር የሚመጣው አብዛኛው የወተት ቸኮሌት ነው። ከ100 ግራሙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም ባይዘል ይላል። አንድ ባለ 100 ግራም ቸኮሌት ብቻውን ይህን ሁሉ ይጨርሳል፤ ሻዩ፣ ለስላሳውና ብስኩቱ ገና አልተቆጠሩም። ዳቦ ላይ የሚቀባው የቸኮሌት ቅባትም ከዚህ አይሻልም፤ ታዋቂው ኑቴላ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው።

በወሎ ለዚህ የሚያግዝ አንድ መልካም ነገር አለ። ማሸጊያው በዐረብኛ ቢጻፍም በየቤቱ፣ በየሠፈሩ ዐረብኛ የሚያነብ አይጠፋም። በማሸጊያ ላይ የሚዘረዘሩት ነገሮች የሚጻፉት በክብደት ቅደም ተከተል ነው። «ሱከር» ከ«ካካው» ቀድሞ ከተጻፈ፣ የያዛችሁት ካካዎ የገባበት ስኳር ነው። የሚጾም ሰውም ዝርዝሩን ቢያይ ይበጃል፤ ብዙ ጥቁር ቸኮሌት የወተት ቅባት ይጨመርበታል።

«ጥቁር ቸኮሌት ያከሳል»

በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ጀርመን ውስጥ አንድ ሙከራ አካሄደ። ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ ለተወሰኑት በቀን 42 ግራም ጥቁር ቸኮሌት እንዲበሉ ሰጠ፤ ከዚያም 18 ነገሮችን ለካ። በጥቂት ሰው ላይ ብዙ ነገር ከተለካ አንዱ በአጋጣሚ «ውጤት» ማሳየቱ አይቀርም። በዚህ ሙከራ በአጋጣሚ የወጣው የክብደት መቀነስ ነበር፤ «ቸኮሌት ያከሳል» የሚለው ዜና በብዙ አገሮች ተሠራጨ። ጋዜጠኛው ራሱ ወጥቶ ዓላማው የመገናኛ ብዙኃንን ግድየለሽነት ማሳየት እንደነበር ተናገረ። ዜናው ግን እስከ ዛሬ በየስልኩ ይዞራል። 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ከወተቱ ቸኮሌት ይብሳል እንጂ አያንስም፤ ቅባቱ ብዙ ነውና። በየቀኑ በምግብ ላይ የሚደረብ ከሆነ ያወፍራል።

«ለልጅ አእምሮ ይጠቅማል»

በ2012 አንድ ሐኪም ብዙ ቸኮሌት የሚበላባቸው አገሮች ብዙ የኖቤል ሽልማት እንዳገኙ አሳተመ። ሀብታም አገር ቸኮሌትም ይገዛል፣ ዩኒቨርሲቲም ይገነባል፤ አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም። ከኮስሞስ ጋር በተያያዘ በ2022 በታተመ ጥናት ከ2 ሺህ የሚበልጡ አረጋውያን ለሦስት ዓመት ተፈትነው የካካዎው እንክብል በጠቅላላ የማሰብ ችሎታቸው ላይ ለውጥ አላመጣም። ተማሪ ልጅ ቁርሱን በልቶ፣ ሌሊቱን በደንብ ተኝቶ ትምህርት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል።

«ብጉር ያወጣል፣ ጥርስ ያበሰብሳል፣ እንቅልፍ ይነሣል»

እነዚህ ከሚሸሹት ወገን የሚሰሙ ናቸው። ስለ ብጉር የቁርጥ መልስ የለም፤ ስኳር የበዛበት አመጋገብ ብጉርን ሊያባብስ እንደሚችል ግን ማስረጃ አለ። ጥርስን የሚጎዳው ስኳሩ ነው፤ ያውም ልጅ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ ሲበላው ይብሳል። በአንድ ጊዜ በልቶ አፉን ቢጉመጠመጥ ጉዳቱ ይቀንሳል። እንቅልፍን በተመለከተ 30 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ያለው ካፌይን ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ቸኮሌቱን የሚከስ ሰው ክሱን ወደ ጀበናው ቢያዞር ይሻላል።

«ካልጎዳ በየቀኑ ቢበዛ ምን አለ?»

የካካዎ ዛፍ ካድሚየም የተባለውን ጎጂ ብረት ከአፈር ይስባል፤ እርሳስ (ሊድ) የተባለው ሌላው ጎጂ ብረት ደግሞ ፍሬው ሲደርቅ ከአቧራ ይደርስበታል። በ2022 አንድ የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን አስመርምሮ፣ 23ቱ በቀን 28 ግራም ገደማ ቢበሉ ከሁለቱ ቢያንስ በአንዱ የካሊፎርኒያን ጥብቅ ገደብ ያልፋሉ ብሏል። አልፎ አልፎ ለሚበላ አዋቂ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ግን በየቀኑ ጥቁር ቸኮሌት ባይለምዱ ይመረጣል፤ እርሳስ የሚያድግ አእምሮን ይጎዳልና።

«ደም ይሞላል»

ጥቁር ቸኮሌት ብረት አለው፤ በ100 ግራም 12 ሚሊ ግራም ገደማ። ይህን ሰምተው ደም ላነሳት ነፍሰ ጡር ከምሳ በኋላ ትኩስ ካካዎ የሚያፈሉላት አሉ፤ ሐሳባቸው ቅን ነው። ችግሩ በካካዎ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ውሁዶች ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት እንዳይወስደው ይይዙታል። በ1999 በታተመ ጥናት ከዳቦ ጋር የተጠጣ ካካዎ የብረቱን መመጠጥ በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ጥቁር ሻይ ከዚያም የባሰ ነበር፤ ቡናም ከዚሁ ወገን ነው። እንጀራውና ምስሩ ያመጡትን ብረት የማዕዱ ማሳረጊያ ይወስደዋል። ሐኪም ያዘዘው የብረት ክኒን አይቋረጥ፤ ምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ብርቱካን ይጨመር፤ ቡናው፣ ሻዩና ካካዎው ከምግቡና ከክኒኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ።

«የስኳር ሕመምተኛ ጥቁሩን እንደ ልቡ ይብላ፤ ስኳሩ ሲወርድም ቸኮሌት ይስጡት»

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ፤ ሁለተኛው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የመጀመሪያው በ2024 መጨረሻ ከሃርቫርድ ከወጣ ጥናት የመጣ ነው። በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በወተት ቸኮሌት ግን ይህ አልታየም። ጥናቱ ሰዎችን በመከታተል የተሠራ ነው፤ ጥቁር ቸኮሌት የሚመርጡት በሌላውም አኗኗራቸው የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞም ስለ አለመያዝ እንጂ ከያዘ በኋላ ስለ መታከም አይናገርም። 70 በመቶ ካካዎ ያለው ቸኮሌትም ከሩብ ያላነሰ ስኳር ሊኖረው ይችላል። አንዲት ትንሽ ቁራሽ ከምግብ ጋር ብዙ ላትጎዳ ትችላለች፤ «እንደ ልብ» የሚለው ግን የለም።

ሁለተኛው በኢንሱሊን ወይም ስኳር በሚያወርድ ክኒን ላይ ያለ ሰው ድንገት ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበውና ንግግሩ ሲዛባ የሚደረገው ነው። ብዙ ቤት ለዚህ ቀን ቸኮሌት ይቀመጣል። በቸኮሌት ያለው ቅባት ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። የሚፈለገው 15 ግራም ገደማ ፈጣን ስኳር ነው፦ በውኃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ማርም ሆነ ውኃ በአፉ አይግባ፤ ትን ብሎት ሊታፈን ይችላል። በጎኑ አስተኝታችሁ ባገኛችሁት መኪና ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።