«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ለአማትና ለምራት

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው በስብሰባና በዜና ላይ ነው። ችግራችንን በራሳችን መንገድ እንፍታ ለማለት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አባባሉ ይበልጥ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ በተለይ አስተዳደጋቸው ለየቅል የሆነ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ።

መጀመሪያ ወደ እርሻው። ሰርዶ ገበሬን የሚያማርር ሣር ነው። ከላይ ቢያጭዱት ከሥር ያቆጠቁጣል። መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፣ ከአፈር በታችም ይሄዳል። ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ እንኳ መልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ሥሩ ወደ ላይ ወጥቶ ፀሐይ እስኪያደርቀው ድረስ መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል። ለዚህ ደግሞ መሬቱን የለመደ በሬ ያስፈልጋል። የደጋ በሬ የቱንም ያህል ጉልበታም ቢሆን ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ ያደክመዋል። የቆላ ዝንብ ያለበት ስፍራ ከሆነማ ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የሚባል የከብት በሽታ ይይዘዋል። ጉልበት ብቻውን አይበቃም ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ቤት። ባል ባደገበት ቤት ዘመድ ሳይደውል ይመጣል። ሚስት ባደገችበት ቤት ደግሞ ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው። አንድ ቀን በጠዋት የባል እናት በር ያንኳኳሉ። ምራት በቅንነት «ሲመጡ ቢደውሉልን ጥሩ ነበር» ትላለች። ክፋት የለባትም። እሳቸው ጆሮ ሲደርስ ግን «አይምጡብኝ» ሆኗል። «ልጄ ቤት በቀጠሮ ልግባ?» ብለው ይቀየማሉ።

ያው መልእክት ከልጃቸው ቢመጣስ? «እማዬ፣ ስትመጪ ደውዪልኝ፤ ሳላገኝሽ ስትሄጂ የሚቆጨኝ እኔ ነኝ።» አለቀ። እናቱ የሚሰሙት ናፍቆት ነው። እሱ የእናቱን ሆድ ያውቃል፤ ማረሻው የት ጋ ድንጋይ እንደሚመታ ያውቃል።

ወዲያኛው ቤት ደግሞ ተራው የሚስት ነው። የእሷ ቤተሰብ ሲጨዋወት ጣራ ይነቀላል። ዝምታ ያሳደገው ባል ልቡ ይደነግጣል፣ ሊያስታርቅ ብድግ ይላል። «ኧረ ተቀመጥ፣ እየተጫወቱ ነው!» ትለዋለች። እዚያ የአገሩን አፈር የምታውቀው እሷ ናት።

አንዳንዱ ሰው ይህን አባባል «አንተ ባዕድ ነህ፣ አያገባህም» ለማለት ያውለዋል። ይሄ አይዋጥልኝም። ገበሬ ወይፈን ሲገራ እኮ እርሻ ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚጠምደው። አዲስ አማችም እንዲሁ ከሚያውቀው ሰው ጎን ሆኖ ያያል፣ ይጠይቃል፣ እየተሳሳተ ይለምዳል። ስድብንና ዱላን «የቤታችን ባህል ነው» ብሎ ማለፍም በዚህ አባባል አይሸፈንም። ሰርዶው ይታረስ ተባለ እንጂ ይለምልም አልተባለም።

ጣጣው የሚበዛው ልጅ ሲወለድ ነው። አንዷ አያት ሕፃን ሲያለቅስ ቶሎ ይታቀፍ ይላሉ። ሌላኛዋ ትንሽ ያልቅስ፣ ይለምዳል ባይ ናቸው። ሁለቱም ልጆች አሳድገዋል፣ ማን ይከራከራቸዋል? የባልና የሚስት ቤት ግን ሦስተኛ አገር ነው። እዚያ የሚጠመዱት በሬዎች ራሳቸው ባልና ሚስቱ ናቸው። ማታ ልጁ ሲተኛ ይነጋገሩና ይወስናሉ። ከዚያ የእሱን እናት እሱ፣ የሷን እናት እሷ፣ በየለመዱት ለዛ ይነግራሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ከአያቶቹ አንዷ ሕፃኑን ደበቅ አድርገው ቢያቅፉት፣ እንዳላየ ማለፍ ነው።