ፊስቱላ ምንድን ነው?

ፊስቱላ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በሠላሳ ዓመቷ፣ አራተኛ ልጇን ስታምጥ ፊስቱላ የሚደርስባትም አለች። ነገሩ ከዕድሜ ይልቅ የሰዓት ጉዳይ ነው።

በሐኪሞች አነጋገር ፊስቱላ መገናኘት በማይገባቸው ሁለት የሰውነት ክፍሎች መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቲቱ ዳሌ አላልፍ ይላል፤ ምጡ ግን አይቆምም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛዋንና የብልቷን ግድግዳ ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ከቀናት በኋላ ተቆርሶ ሲወድቅ ቀዳዳው ይቀራል፣ ሽንት፣ አንዳንዴም ሰገራ፣ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ነርቯ ተጎድቶ እግሯን የምትጎትትም አለች።

ልጅነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዳሌዋ ገና አልሰፋም፤ ከዚያ የሚብሰው ግን «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ብትል የሚሰማት አለመኖሩ ነው። አማት «እኔ ስምንቱንም ጓዳዬ ነው የወለድኩት» ትላለች፣ ባል ከገበያ እስኪመለስ ይጠበቃል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። (የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜን 18 ካደረገ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።) በኃይል በተፈጸመ መደፈር የሚመጣ ፊስቱላም አለ፤ ያኛው ምጥ አያስፈልገውም።

ሽንት የሚያመልጣት ሴት እንዳይፈስባት ብላ ውኃ መጠጣት ትተዋለች። ይህ ይጎዳታል፦ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ቆዳዋን ይልጣል። በደንብ መጠጣት ነው የሚሻላት።

ሕክምናው አለ። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ቶሎ ከተደረሰበት፣ ለጥቂት ሳምንታት ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ገብቶላት ፊኛው ሲያርፍ ያለስፌት ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ሽንት ሲያመልጥ «ይተዋታል» ብሎ ወራት መቁጠር ትልቅ ጥፋት ነው። የቆየው በቀዶ ሕክምና ይሰፋል፤ አብዛኛውም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን በነፃ ይሰጣል፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት አሉት። ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ራሳቸው ታማሚ ሆነው ወደ ሃምሊኖቹ መጥተው፣ በኋላ የሌሎችን ሴቶች ቀዳዳ የሚሰፉ ቀዳጅ ሐኪም ሆነዋል።

የዳነች ሴት ደግማ ማርገዝ ትችላለች። ያኔ ግን ምጥ እስኪጀምራት ቤቷ አትጠብቅም፤ ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል ገብታ በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች።