ስለ ብራውዘር የምናምናቸው የተሳሳቱ ነገሮች

ደብረ ብርሃን ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት ሰሞን ኢንተርኔት ቤቱም ኮፒ ቤቱም በተማሪ ይጨናነቃል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ «ውጤታችሁን ቀድማችሁ እዩ» የሚል ሊንክ ቴሌግራም ላይ እንደ ጉድ የሚዞረው። ከፍተው ፓስወርዳቸውን የሚሞሉት ልጆች ሞኞች አይደሉም፤ ስለ ብራውዘር (እንደ ክሮም ስላለው የድረ ገጽ መክፈቻ) ከሰው የሰሙት ነገር ነው የሚያሳስታቸው። እስቲ እንያቸው።

«ከአድራሻው ጎን የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክቷ ካለች ድረ ገጹ የታመነ ነው»

በጭራሽ። ምልክቷ የምትወክለው ኤችቲቲፒኤስ (አድራሻው መጀመሪያ ላይ ያለው https) ማለት በእናንተና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን መረጃ ሌላ ሰው መሐል ገብቶ አያነበውም ማለት ነው፣ በቃ። ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት የሚወስደው አስፋልት ጥሩ ስለሆነ ብቻ እዚያ የሚጠብቃችሁ ሰው ታማኝ አይሆንም። ምልክቷን የሚያስገኘውን ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ለኢንተርኔት ትልቅ ውለታ ነው፤ ግን አጭበርባሪውም በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል። ጎግል ራሱ ሰው ምልክቷን በስህተት እየተረዳት ስለተቸገረ በ2023 ከክሮም ላይ አንስቶ በሌላ ተክቷታል።

መታየት ያለበት አድራሻው ነው። ከ«https://» በኋላ ያለውን ስም እስከ መጀመሪያዋ ዘመም ያለች መስመር (/) ድረስ አንብቡና መጨረሻው ላይ አተኩሩ። የባንካችሁ ስም ከፊት ተጽፎ መጨረሻው «ጊፍት ዶት ኤክስዋይዚ» ከሆነ፣ የገጹ ባለቤት ጊፍት የሚባለው ነው። ባንካችሁ አያውቀውም። ስልክ ላይ አድራሻው ስለሚቆረጥ ነካ አድርጋችሁ ሙሉውን እዩት።

«ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ ማንም አያየኝም»

ኢንኮግኒቶ (የብራውዘሩ የግል መስኮት) የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መስኮቶቹን ስትዘጉ የጎበኛችሁትንና የገባችሁበትን አካውንት ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አያስቀርም። የኔትወርክ አቅራቢው፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ኔትወርክና ድረ ገጹ ራሱ ግን ያያሉ። አሜሪካ ውስጥ በ2020 በዚሁ ጉዳይ ተከሶ የነበረው ጎግል በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠር መረጃ ለመሰረዝ ተስማምቷል፣ ኢንኮግኒቶ ሲከፈት የሚወጣውንም ማሳሰቢያ አስተካክሏል።

ኮፒ ቤት ኢሜይል ለመክፈት ግን ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት። ብቻ ዳውንሎድ ያደረጋችሁት ፋይል አብሮ አይጠፋም። ሰው ሲቪውን፣ ዲግሪውንና የመታወቂያውን ኮፒ አሳትሞ ይወጣል፤ ፋይሎቹ ግን ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ከነስማቸው ተደርድረው ቀጣዩን ደንበኛ ይጠብቃሉ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ከመነሳታችሁ በፊት ሰርዙት፣ ከሪሳይክል ቢንም አውጡት።

«ፓስወርድ ብራውዘር ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው»

በሰው ኮምፒውተር ላይ፣ አዎ። በራሳችሁ፣ በተቆለፈ ስልክ ላይ ግን እንዲያውም ይጠቅማችኋል፤ ምክንያቱም ብራውዘሩ ፓስወርዱን የሚያስታውሰው ከአድራሻው ጋር ነው። ዓይናችሁ የተሸወደበት አስመሳይ ገጽ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፣ አይሞላላችሁም። ሁሌ ይሞላ የነበረው ፓስወርድ ድንገት ካልመጣ ቆም ብላችሁ አድራሻውን እዩ።

«ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል ካለኝ እውነት ነው»

ድረ ገጽ ስልካችሁን ገብቶ መፈተሽ አይችልም። ታቡን ዝጉት። በየሰዓቱ የሚመጣባችሁ ከሆነ ሳታስቡት «አላው» ብላችኋል ማለት ነው፤ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለው ላይ ገብታችሁ የዚያን ድረ ገጽ ፈቃድ አንሱት።

«ለ20 ሰው ፎርዋርድ ካደረግኩ ፓኬጅ ይገባልኛል»

አይገባም። እናንተን ማስታወቂያ አከፋፋይ ማድረጊያ ነው። የዚሁ ዘመድ የሆነው «የፖፑ ዳንስ የሚለውን ቪዲዮ ከከፈታችሁ ስልካችሁ ፎርማት ይሆናል» የሚለው መልእክትም ለዓመታት በብዙ ቋንቋ የዞረ ፈጠራ ነው። ለወዳጅ አስባችሁ እንደምትልኩት አውቃለሁ፣ ግን አትላኩት።

«አፕዴት ዳታ ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም»

ብዙው አፕዴት የደህንነት ቀዳዳ መድፈኛ ነው፤ አንዳንዱን ቀዳዳ ሌቦች እየተጠቀሙበት ሳለ ነው የሚደፈነው። ዳታ ከከበዳችሁ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ በዋይፋይ ብቻ እንዲያዘምን አድርጉት፣ ግቢ ወይም ካፌ ዋይፋይ ስታገኙ ራሱ ይጨርሰዋል።