ሻኔል ቁጥር 5 ምንድን ነው?

ሻኔል ቁጥር 5 እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ የአበባ ሽቶ ነው። ያሠራችው ፈረንሳዊቷ የፋሽን ዲዛይነር ጋብሪኤል ሻኔል፣ የቀመመው ሽቶ ቀማሚው ኤርነስት ቦ ነው። ቁጥር ተሰጥቷቸው ከቀረቡላት ናሙናዎች 5ኛውን መረጠች፤ ቁጥሩ ስም ሆኖ ቀረ።

ልቡ፣ ማለትም መካከለኛው ዋና ጠረኑ፣ ጃስሚንና ጽጌረዳ ነው፤ ያላንግ ያላንግ የሚባል አበባም አለበት። ከሥር ሰንደል (ሽታ ያለው እንጨት)፣ ቬቲቨር (ሥሩ የሚሸት ሣር) እና ቫኒላ ይይዙታል። ሆኖም ሲሸቱት “ይሄ ጽጌረዳ ነው” ብሎ መለየት ያስቸግራል። ይህን ያደረጉት አልዴሃይድ የሚባሉት ውህዶች ናቸው። ለብቻቸው ሲሸተቱ ስለታም ናቸው፤ ገና እፍ ተብሎ የጠፋ ሻማና የብርቱካን ልጣጭ ያስታውሳሉ። ከአበባ ጋር ሲገናኙ ግን የአበባውን ክብደት ያቀሉለታል፣ ጠረኑም ራቅ ብሎ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ከቦ በፊትም ሽቶ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ እሱ ግን በድፍረት አበዛቸው።

ጃስሚኑ በደቡብ ፈረንሳይ ግራስ አካባቢ ይበቅላል። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር፣ ገና ማለዳ በእጅ ይለቀማል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ወደ 8,000 አበባ ያስፈልጋል። አበባው የእንፋሎት ሙቀት ስለማይችል ሄክሴን በሚባል ጠረን አውጪ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ሄክሴኑ ሲተን ሰም መሰል ነገር ይቀራል። ያ ደግሞ በአልኮል ታጥቦ ሰሙ ሲወጣለት አብሶሉት የሚባለው ንጹሕ የአበባ ጭማቂ ይገኛል። ለአንድ ኪሎ አብሶሉት ከ600 ኪሎ ያላነሰ አበባ ይሄዳል። የውድነቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አበባው በደንብ የሚሰማው ፓርፋም በሚባለው፣ በትንሽ ብልቃጥ በሚሸጠው ወፍራም ዓይነት ነው። ከእሱ ቀጠን ያለውን ኦ ደ ፓርፋም ሽቶ ቀማሚው ዣክ ፖልዥ እ.ኤ.አ. በ1986 ሠራው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሎ (L'Eau) የሚባለው ዓይነት የሽቶ ቀማሚው ኦሊቪየ ፖልዥ ሥራ ሲሆን ቀለል ያለ ነው፤ ዋናው ለሚከብደው ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወረቀት ላይ ነፍቶ ወዲያው ሲፈርድ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው አልዴሃይዱ ነው። የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ሳያሹ፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

ሙቀትና ብርሃን ቀድመው የሚያበላሹት ይህንኑ መጀመሪያ የሚሰማውን የላይኛውን ጠረን ነው። ስለዚህ መስኮት አጠገብ ወይም መታጠቢያ ቤት የከረመ ጠርሙስ ሲከፈት ኮምጠጥ ይላል፣ የከረመ ዘይትም ይሸታል፤ ልቡ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ቀለሙ መጥቆሩ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ጃስሚንና ቫኒላ በጊዜ ብዛት ይጠቁራሉ። በካርቶኑ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ።