«በሬ ወለደ»፦ በሬ ሆኖ የተወለደ ማን አለ?

ጅማ ላይ የቡና ዋጋ ወረደ ሲባል ወሬው ያልተዋጠለት ሁሉ «የበሬ ወለደ ወሬ!» ይላል። ዋጋ መውረዱ ያለ ነው። አባባሉ ግን ከሥሩ ሊሆን ለማይችል ነገር የተበጀ ነው።

ለምን አይችልም? «በሬ ወንድ ስለሆነ» ይላሉ። ለዚህማ ኮርማም ይበቃ ነበር።

ከላም ሆድ የሚወጣው ጥጃ ነው። እረኛው ጅራቱን ገለብ ያደርጋል፦ ከፊንጢጣው ሥር ብልት ካለ ሴት፤ ከሌለና መሽኛው ከእምብርቱ ኋላ ከሆነ ወንድ። ጡት መቁጠር ያሳስታል፤ ወንዱም አለው። ሴቷ ጊደር፣ ከወለደች ላም፤ ወንዱ ወይፈን፣ ሲጎለምስ ኮርማ ነው። 

በሬ ሆኖ የሚወለድ ግን የለም። በሬነት ከቅጥቀጣ፣ ማለትም ከመኮላሸት፣ በኋላ የሚመጣ ስም ነው። ጅማ ዙሪያ በኦሮምኛ «ቆቲዮ» ይሉታል፤ «ቆቱ»፣ ማረስ ከሚለው፤ ስም ያወጣለት ሥራው ነው።

አራሽ ሻኛውና ትከሻው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ቀድሞ የተኮላሸ ጫንቃው ይቀጥናል። ባላገሩ በድንጋይና በእንጨት ይቀጠቅጣል። የእንስሳት ሐኪም ቡርዲዞ በሚባል ትልቅ መቆንጠጫ፣ ቆዳ ሳይቆርጥ፣ የእያንዳንዱን የቆለጥ ፍሬ ሥር ለየብቻ ይጨፈልቃል። ሁለቱ የጭፍለቃ መስመሮች ከተገጣጠሙ ደም ይቋረጥና ከረጢቱ ይበሰብሳል። አንዱ ሥር ካመለጠ ስሙ በሬ፣ ግብሩ ኮርማ ይሆናል። በወጉ የተኮላሸውም የተጠራቀመ ዘር ስለሚቀረው ለጥቂት ሳምንታት ከላሞች ይለያል።

የአባባሉ ምንጭ እዚሁ ይመስለኛል። «ወለደ» የእናት ብቻ ግስ አይደለም፤ የማቴዎስ ወንጌል «አብርሃም ይስሐቅን ወለደ» ይላል። አባባሉም «በሬ አማጠ» አላለም። ስለዚህ ቀልዱ ወንድ አረገዘ ሳይሆን የተኮላሸ አባት ሆነ ነው። የጎረቤት ኮርማ ላሙን አጥቅቶበት ሳለ «ጥጃው የበሬዬ ነው» ብሎ የተከራከረ ሰው ይታየኛል። ማስረጃ? የግሱ አካሄድ ይበቃኛል።

ላልተጣራ ወሬ ጭምጭምታ፣ ለተጋነነው ጉራ የሚሉ ቃላት ሳሉን፣ በሬውን በየወሬው መጥመድ ምን ይሉታል?